የካርቶን ዶማ

ማሙሽ «ክሪፐር ነው የምሆነው» ያለን ሐሙስ ማታ ነው። ክሬዚ ደይ ደግሞ ሰኞ። እማዬ ክሪፐር ምን እንደሆነ እንኳን ሳታውቅ «ስንት ብር ነው?» አለች። እኛ ቤት ለማይታወቅ ነገር ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያ ምርጫው ክሪፐር አልነበረም። ፐብጂ ላይ እንዳሉት ሰውዬዎች የብረት ቆብ አድርጎ፣ ቦርሳ አዝሎ፣ ጠመንጃ ይዞ መሄድ ነበር የፈለገው። እኔም ጠመንጃውን በካርቶን እንዴት እንደምሠራው ማሰብ ጀምሬ ነበር። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «በዚህ ጊዜ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም» አለች። በቃ፣ አለቀ። ውጭ አገር ኮስፕሌይ የሚሠሩ ሰዎች ወደ አዳራሽ ሲገቡ የያዙት የውሸት መሣሪያ በር ላይ ይፈተሻል። የኛ ፈታሽ እማዬ ናት። ለማጽናናት ያህል ለማሙሽ ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው እዚሁ ኮልፌ እንደሆነ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «እና ፐብጂ ይችላል ማለት ነው?» አለኝ።

ስለዚህ ማይንክራፍት ሆነ። ለማታውቁት፣ ዓለሙ በሙሉ ከኩብ የተሠራ ጌም ነው። ዛፉ ኩብ፣ ላሟ ኩብ፣ ፀሐይዋ ራሷ አራት ማዕዘን። ክሪፐር ደግሞ እጅ የሌለው፣ አራት እግር ያለው አረንጓዴ ፍጡር ነው። ድምፁን አጥፍቶ ከኋላ ይመጣና አጠገባችሁ ይፈነዳል። አፈጣጠሩ ራሱ ስህተት ነው። የጌሙ ፈጣሪ ማርከስ ፐርሰን አሳማ ልሥራ ሲል ቁመቱንና ርዝመቱን አቀያየረው፤ የወጣው ነገር ሲያዩት ስለሚያስፈራ ጭራቅ አደረገው። ይሄን ሳወራ እማዬ የሰማችው «አሳማ» የሚለውን ብቻ ነው። «ልጄን አሳማ ልታደርገው ነው እንዴ?» አባባ ግን ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ።

«ልኬት ነው» አለ። «ልኬት ከሳትክ አሳማውም ጭራቅ ይሆናል።»

አባባ ከሳቀ ቆይቶ ነበር።

አባባ አናጢ ነው። «ነበር» ማለት አለብኝ መሰለኝ፣ ግን ቤታችን ውስጥ «ነበር» የሚል የለም። አጠና ተራ አካባቢ የእንጨት ሥራ ቤት ነበረው። ልጅ ሆኜ የኮልፌን በር ሁሉ እሱ የሠራው ይመስለኝ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መታውና ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለ። ዕቃዎቹን ግን አልሸጥንም። መጋዙ፣ መላጊያው፣ ስኳድራው በጆንያ ተጠቅልለው አልጋ ሥር አሉ። እማዬ ስትጠርግ ጆንያውን ታወጣውና መልሳ እዚያው ታስገባዋለች።

እኔና እሱ ደግሞ በጌም ጉዳይ የቆየ ነገር አለን። 12 ዓመቴ ላይ ከኮቱ ኪስ 50 ብር ወስጄ ፕሌይስቴሽን ቤት ገባሁ። ያኔ እኛ ሰፈር አንድ ጨዋታ 3 ብር ነበር፤ 50 ብር ማለት ንጉሥ መሆን ነው። ቤቱ ጨለማ ስለሆነ ሲገባ አላየሁትም። ጆይስቲኩ እጄ ላይ እንዳለ፣ ጓደኞቼ ፊት፣ በጆሮዬ ይዞ አስነሳኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ቤት ድረስ ጆሮዬን እንደያዘ አንድ ቃል አልተናገረም። ብሩ የደንበኛ ቀብድ እንደነበረ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከእማዬ ሰማሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ እሱም አላነሳውም። አንዳንድ ነገር ደግሞ ዓመታት ሲያልፉበት ለማንሳት ይከብዳል።

አርብ ከሥራ ስመለስ ከሱቅ አራት ካርቶን ለመንኩ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሠሪዎች ልዩ ፎም አላቸው፣ የሚያሞቁበት መሣሪያ አላቸው፣ ባስ ካለም በማሽን ያትሙታል። እኛ ጋ ያለው ካርቶን፣ ኮላ፣ ካተርና የእማዬ ጥቁር ሻሽ ነው። ግን እኮ የሽቦ መኪና እየሠራ ያደገ ሰው፣ ለቡሄ ጅራፍ የገመደ ሰው፣ ለእንቁጣጣሽ አበባ ሥሎ በየቤቱ ያዞረ ሰው በካርቶን አይፈራም። እኔ በጭንቅላቱ ልጀምር ብዬ ቁጭ አልኩ።

የክሪፐር ፊት በጎን ስምንት፣ በቁመት ስምንት፣ ጠቅላላ 64 ካሬ ነው። እኔ 40 ሳንቲ በ30 የሆነ ካርቶን ይዤ ለስምንት ላካፍል ስታገል አባባ አላስቻለውም።

«ጭንቅላቱ እኩል አይደለም እንዴ መሆን ያለበት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ካርቶኑን ምን አስጨነቀህ? ፍታውና እንደ ጣውላ ቁጠረው። 32 አድርገው። አንዱ ካሬ አራት ሳንቲ ይወጣል።»

ከዚያ በኋላ ሥራው የእሱ ሆነ፣ እኔ እጁ ሆንኩ። ስኳድራው ከጆንያው ወጣ። ካርቶን እንደ እንጨት መስመር እንዳለው ያሳየኝ እሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽንሽን በሄደበት አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ በተቃራኒው ይሰበራል። መታጠፊያውን መጀመሪያ በማንኪያ ጀርባ አስምሬ ስጫነው ማዕዘኑ እንደ ሳጥን ቁጭ አለ። ማሙሽ ለክቶት ሲያየው ግን ችግር መጣ። የክሪፐር ዓይኖች በጣም የተራራቁ ናቸው፤ በመካከላቸው ስምንት ሳንቲ አለ። የሰው ልጅ በሁለቱም ማየት አይችልም። ልጁ ግድግዳ እየመታ ዞረ። አባባ ጠራውና በግራ እጁ ሜትሩን ይዞ ከአናቱ እስከ ዓይኑ ለካው።

«በዓይኑ አይደለም የሚያየው» አለ፣ «በአፉ ነው።»

ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠን ሳጥኑ ውስጥ፣ አናቱ ላይ ለጠፍን። ሳጥኑ ስድስት ሳንቲ ያህል ከፍ ሲል የማሙሽ ዓይን ክሪፐሩ አፍ ጋ መጣ። አፉን ቀደን ከውስጥ ሻሹን ወጠርንበት። ከውጭ ጥቁር ነው፣ ከውስጥ ይታያል። ማሙሽ ሚጣን አሳዶ ጮኸች። ሠራ ማለት ነው።

ቀለሙ ላይ ተሳሳትኩ። የግቢው በር የተቀባበት አረንጓዴ ተርፎ ስለነበር በአኳራጅ አቅጥኜ ቀባሁት። ሰኔ ነው፣ ዝናብ ነው፣ አይደርቅም። ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ በሙሉ ይሸታል፤ ያንን ሕፃን ልጅ ጭንቅላት ላይ ማጥለቅ ወንጀል ነው። ጣልኩትና ሌላ ሳጥን ሠራን። በዚህኛው ነጭ የግድግዳ ቀለም ገዝተን አረንጓዴ ማቅለሚያ ጨመርንበት። ካርቶኑ እንዳይጣመም በፊት በቀጭኑ ኮላ ቀባነው። ሦስት ዓይነት አረንጓዴ በሦስት የሃይላንድ ቂጥ በጠበጥን።

አባባ «አንዱን ጎን ስጠኝ» አለ። በግራ እጁ ብሩሽ ይዞ ቀባ፤ ቀስ ብሎ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ። ወደ 20 የሚሆን ካሬ ቀባና ደከመው፣ ተኛ። ጠርዞቹ ወላውለዋል። አንዳንዱ ካሬ ወደ ጎረቤቱ ገብቷል።

ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ሁሉም ሲተኛ ስኮች አወጣሁ። ሲነሳ ቀለሙን ይዞ እንዳይነሳ መጀመሪያ ሱሪዬ ላይ ለጥፌ አነሳሁት፤ ከዚያ በየካሬው ጠርዝ እየለጠፍኩ የአባባን ካሬዎች አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። ለማሙሽ ብዬ ነው፣ ልጆች እንዳይስቁበት ነው፣ ምናምን። ስጨርስ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ያን ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም ደግሞለት አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ሳጥኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዟዟረው። «የኔዎቹ የትኞቹ ነበሩ?» አለኝ። በጣቴ አሳየሁት። አንዱን ካሬ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ቀጥ ብለዋል» አለና ሻዩን ጠጣ።

ዶማውን የሠራነው ከዚያ በኋላ ነው። ክሪፐር እጅ ስለሌለው ዶማ አይዝም፤ ማሙሽ ግን «እኔ እጅ ያለው ክሪፐር ነኝ» አለ፣ ማን ይከራከረዋል? አባባ ጌሙ ውስጥ ዶማ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀው። ማሙሽ በኩራት አስረዳው። መጀመሪያ ዛፍ በቡጢ ትመታለህ፣ ግንድ ይወጣል። አንድ ግንድ አራት ጣውላ ይሆናል። አራት ጣውላ የሥራ ጠረጴዛ ይሆናል። ሁለት ጣውላ አራት ዱላ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሦስት ድንጋይ ከላይ፣ ሁለት ዱላ ከሥር፣ ዶማ።

«በቡጢ?» አለ አባባ። «መጋዝ የለም? ሚስማር የለም?»

«የለም።»

«ጠረጴዛውን ማስቀደሙ ልክ ነው» አለ ትንሽ ቆይቶ። «እኔም ቤቱን ስከፍት መጀመሪያ የሠራሁት ጠረጴዛዬን ነው።»

የዶማውን ራስ አምስት ካርቶን በኮላ ደራርበን ደረጃ ደረጃ አድርገን ቆረጥነው፣ የአልማዙን ሰማያዊ ቀባነው። እጀታውን ግን አባባ በካርቶን አይሆንም አለ። አልጋ ሥር ገብቼ ቁራጭ እንጨትና መጋዙን አወጣሁ። እኔ እንጨቱን ያዝኩ፣ እሱ በግራ እጁ ጋዘ። መጋዙ ሁለት ጊዜ ዘለለ። ልቀበለው ስል «ተው» አለኝ። ለአንድ ክንድ እንጨት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰውም እሱ ነው፣ እንጨቱን በጉልበቶቹ መሐል ይዞ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥበቃው ክሪፐሩን አሳለፈውና ዶማውን ያዘው።

«ዶማ ይዞ መግባት አይቻልም።»

«ጋሼ፣ ካርቶን እኮ ነው።»

ራሱን አንኳኳ። ከዚያ እጀታውን አንኳኳ። «ይሄ እንጨት ነው» አለና ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠው። ማሙሽ በአፉ እያየ ገባ። ከሳጥኑ ውስጥ ያለቅስ አያለቅስ አላውቅም።

ከሰዓት ያ የሰኔ ዝናብ ወረደ። ልወስደው ስሄድ 64ቱም ካሬ ትከሻው ላይ ቀልጧል፤ ሳጥኑ እንደ ፍርፍር ሆኗል። ልጁ ግን ስንት ሰው እንዳስደነገጠ እየቆጠረ ነው። ዶማው ጥበቃ ቤት ታስሮ ስለዋለ ጠብታ አልነካውም። ቤት ስንደርስ ለአባባ ሁሉንም ነገርኩት። እሱ የያዘው አንዱን ብቻ ነው።

«እጀታው እንጨት ነው አለ?»

«አዎ።»

«አንኳኩቶ ነው የለየው?» ሦስት ጊዜ አስደገመኝ።

ሚጣ ደግሞ ተራዋን ጠየቀች። ክሪፐር አልፈለገችም፣ ኩኩሉን ነው የፈለገችው። አዲስ አበባ ያሉት ቅኔ ጌምስ የሠሩት፣ ዶሮ ሆናችሁ ከሚያሳድዳችሁ ሰውዬ የምትሮጡበት የስልክ ጌም ነው። እማዬ «ለበዓል ዶሮ አርጄ ላባውን ላጠራቅም?» ብላ ተነሳች፤ ዶሮዋ የምታመልጥበት ጌም እንደሆነ ማንም አልነገራትም። ኩክኒዋን ከእንቁላል ትሪ እንሠራዋለን ተባለ።

አባባ ሚጣን ጠርቶ ጉልበቱ መሐል አቆማት። ሜትሩን በግራ እጁ ዘርግቶ ጫፉን በአገጩ ያዘ፣ የጭንቅላቷን ዙሪያ ለካ። ቁጥሩን ነገረኝ፣ ጻፍኩ። ካርቶኑን ላመጣ ስነሳ ጠራኝ።

«ቀለሙንም አምጣ» አለ። «ስኮቹን ግን እዚያው ተወው።»