የአንድ ተመልካች ፍርድ

ምስክርና ተረት ነጋሪ ሁለቱም ሰው ሰብስበው ይናገራሉ፤ ዕዳቸው ግን አንድ አይደለም። ተረት ነጋሪ ገና ሲጀምር «ተረት ተረት» ይላል፤ ሰሚውም «የላም በረት» ብሎ ይቀበለዋል። በዚህ ቃል ሁለቱ ተዋውለዋልና፥ ከዚያ በኋላ ቀበሮ ብትናገር፥ ዝንጀሮም ዳኛ ሆኖ ቢቀመጥ፥ ውሸት ነው የሚል አይገኝም። ምስክር ግን «ያየሁትን እናገራለሁ» ብሎ በመሐላ ይጀምራል። ስለዚህ ካየው ላይ ጥቂት ቢጨምር ወይም ጥቂት ቢያስቀር፥ የሰው ርስት ይወሰዳል፥ የሰውም ስም ይጠፋል። በሁለቱ ላይ ሊፈርድ የሚወድ ሁሉ አስቀድሞ ማን ምን ብሎ እንደ ጀመረ መመርመር ይገባዋል።

ይህን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ሊያውቁት የሚገባ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት በጸሓፊነት ተቀምጠው የምስክሮችን ቃል ሲጽፉ ኖረዋል፤ በስተ እርጅናቸው ደግሞ ከራት በኋላ ፊልም መመልከትን ለመዱ። ያዩትንም ዝም ብለው አያልፉም። ፊልሙ ባለቀ ጊዜ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ችሎት ፍርድ ይሰጣሉ፤ ፍርዳቸውም ይግባኝ የለውም። የኮምፒዩተሩን ነገር የምታሰናዳላቸው በዩኒቨርሲቲ የምትማር የልጅ ልጃቸው ናት።

አንድ ቀን ማታ ሁለት ድምፅ የሌላቸው የቆዩ ፊልሞችን አቀረበችላቸው። የመጀመሪያው ሮበርት ፍላኸርቲ የተባለ አሜሪካዊ ሠርቶ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1922 ዓመት ያወጣው «የሰሜኑ ናኑክ» ነበረ። ፍላኸርቲ በሰሜን ካናዳ፥ በሃድሰን ባሕረ ሰላጤ ምሥራቃዊ ዳር፥ ኢኑክጁዋክ በተባለው ስፍራ አንድ ዓመት ያህል ተቀምጦ የኢኑዊትን ሕዝብ ኑሮ ያሳየበት ነው። ናኑክ የተባለው አዳኝ በረዶውን በቢላዋ እንደ ጡብ እየቈረጠ ጐጆ ያንጻል፤ ለመስኮቱም እንደ መስተዋት ጥርት ያለ በረዶ ይገጥምለታል። ዋልረስ የተባለውን ጥርሰ ረዥም የባሕር አውሬ በጦር ወግቶ ከባልንጀሮቹ ጋራ በገመድ ይጐትታል። ወደ ነጋዴ ቤት በሄደ ጊዜም ግራሞፎን አይቶ ይደነቃል፤ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ የሚሻ መስሎ ሸክላውን በጥርሱ ይነክሳል።

ሁለተኛው ዦርዥ ሜልየስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1902 የሠራው «ጕዞ ወደ ጨረቃ» ነበረ። ይህ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ አጭር ፊልም ነው። ረዣዥም ቆብ የደፉ ሊቃውንት ይሰበሰባሉ፤ በትልቅ መድፍ ተተኵሰው ይወነጨፋሉ፤ ጥይታቸውም በጨረቃይቱ ዓይን ላይ ይሰካል። በዚያም የጨረቃን ሰዎች ያገኛሉ፤ በጃንጥላ በመቷቸው ጊዜ እነዚያ ሰዎች ጢስ ሆነው ይጠፋሉ።

ሽማግሌው ያን ማታ የሰጡት ፍርድ አጭር ነበረ። «የፊተኛው የታመነ ምስክር ነው፤ ሰው ብርድንና ረኃብን እንዴት እንደሚያሸንፍ ያስተምራል። የኋለኛው የሕፃን ጨዋታ ነው። ጨረቃ ዓይን የላትም፤ ሰውም በመድፍ ተተኵሶ በሕይወት አይደርስም። በ1969 ወደ ጨረቃ የሄዱት ሰዎች የሄዱት በሂሳብ ነው፥ በቀልድ አይደለም» አሉ። ይህንም ብለው ተኙ።

በማግሥቱ የልጅ ልጃቸው ስለ ፊልሞቹ የተጻፈውን ስታነብ ውላ መጣችና፥ «አባባ፥ የትናንቱ ምስክርዎ እኮ መሐላውን አፍርሷል» አለቻቸው። ሽማግሌው ተቈጥተው «ማስረጃ አቅርቢ» አሉ። እርሷም አንድ በአንድ አቀረበች።

ሰውየው ናኑክ አይባልም፤ ስሙ አላካሪያላክ ነበረ። ናኑክ በአገሩ ቋንቋ ነጭ ድብ ማለት ነው፤ ይህንም ስም ያወጣለት ፍላኸርቲ ነው። ሚስቶቹ ተብለው የታዩት ሴቶች ሚስቶቹ አልነበሩም። በጐጆው ውስጥ ለካሜራው የሚበቃ ብርሃን ስላልተገኘ፥ ከልክ ይልቅ የሰፋ፥ ግማሹም ክፍት የሆነ ጐጆ ተሠራ፤ ቤተ ሰቡ በሞቀ ቤት ውስጥ ከእንቅልፍ የሚነቃ መስሎ ልብሱን የሚለብሰው በውጭው ብርድ ላይ ተቀምጦ ነው። ኢኑዊት በዚያ ዘመን በጠመንጃ ማደን ያውቁ ነበር፤ ፍላኸርቲ ግን ያለፈውን የአባቶቻቸውን ዘመን ለማሳየት ፈልጎ በጦር እንዲያድኑ አደረገ። አዳኙ ከበረዶው ቀዳዳ በብርቱ ትግል ሲጐትተው የታየውም እንስሳ አስቀድሞ የሞተ ነበረ። ሸክላውን መንከሱ ለሳቅ የተሠራ ነው። ለፊልሙም ወጪውን የከፈለው ሬቪዮን ፍሬር የተባለ የፈረንሳይ የቆዳ ነጋዴ ኩባንያ ነው። ፊልሙ ከወጣ ብዙ ሳይቈይ አላካሪያላክ በሞተ ጊዜ፥ ፍላኸርቲ «ለአደን ወጥቶ በረኃብ ሞተ» ብሎ አወራ፤ ነገሩን በኋላ የመረመሩት ሰዎች ግን በቤቱ ሳለ፥ ምናልባትም በሳንባ ነቀርሳ እንደ ሞተ ይናገራሉ።

ልጅቱ ፍርደ ገምድል አልነበረችምና የሰውየውንም መከላከያ አልደበቀችም። ፍላኸርቲ ከዚያ በፊት ያነሣው ወደ 30,000 ጫማ የሚሆን ፊልም በ1916 በገዛ ሲጋራው እሳት ተቃጥሎበት፥ ተስፋ ሳይቈርጥ እንደ ገና ወደዚያ ብርድ ተመልሷል። ኢኑዊትም በሥራው ረድተውታል፤ የተነሣውንም እያሳያቸው ቀጣዩን አብረው መክረዋል። ደግሞም ጆን ግሪርሰን የተባለው ስኮትላንዳዊ በ1926 ስለ ሌላው የፍላኸርቲ ፊልም ሲጽፍ «ዶኩመንተሪ» የሚለውን ቃል ከመጠቀሙ በፊት፥ ለዚህ ዓይነት ሥራ የተወሰነ ደንብ አልነበረም። «ደንብ ሳይኖር ደንብ አፈረሰ ይባላልን?» አለች።

ሽማግሌው በዚህ ይከራከራሉ ስትል ዝም አሉ። ቈይተውም ተነሥተው ከሣጥናቸው አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አወጡ።

በፎቶግራፉ ላይ የቆሙት የሽማግሌው አባት ናቸው። እኒህ ሰው ከአብዮቱ በፊት በአንድ የጠቅላይ ግዛት ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ካኪ ኮት ይለብሱ ነበር፥ ጫማም ያደርጉ ነበር፥ ቤታቸውም ቆርቆሮ የለበሰ ነበረ። አንድ መንገደኛ ፈረንጅ ፎቶግራፍ ላንሣዎት ባላቸው ጊዜ ደስ ብሏቸው ቀረቡ። እርሱ ግን ኮቱንና ጫማውን እንዲያወልቁ ለመናቸው፤ ከጎረቤት ጦርና ጋሻ አስመጣ፤ ከቆርቆሮው ቤትም አርቆ በሰው ጐጆ ደጃፍ አቆማቸው። ከዓመታት በኋላ ሥዕሉ በአንድ መጽሐፍ ታትሞ ተገኘ። ከሥሩ የተጻፈው የአባታቸው ስም አልነበረም፤ «የተራራው ጦረኛ» የሚል ነበረ። መምህሩ በዕድሜያቸው ሙሉ በእጃቸው የያዙት ጠመኔ እንጂ ጦር አልነበረም። ሽማግሌው ያን ጊዜ ሕፃን ነበሩና ኮቱን ተቀብለው የያዙት እርሳቸው ናቸው። በፎቶግራፉ ዳር የአንድ ሕፃን እጅና የካኪ እጅጌ ጫፍ በጥቂቱ ይታያል።

«ሰውየው ክፉ አልነበረም» አሉ ሽማግሌው፤ «ለአባቴም ገንዘብ ሰጥቶታል፥ አባቴም ስቋል። ነገር ግን ያን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው የእኔን አባት አያውቀውም። ትናንት ማታ እኔም በዚያ አንባቢ ወንበር ተቀምጬ ኖሯል»።

ከዚያም ሁለተኛውን ፊልም እንደ ገና እንድታሳያቸው ጠየቋት። በዚህ ጊዜ መነጽራቸውን ጠርገው ተመለከቱ። ሊቃውንቱ ወደ ሰው አገር ሳይጠሩ ይሄዳሉ። ያገኙትን ሁሉ ይመታሉ፤ ንጉሡንም ይገድላሉ። ሲሸሹ ከጨረቃ ሰዎች አንዱ ጥይታቸውን ይዞ አብሯቸው ወደ ምድር ይወድቃል። ለብዙ ዘመን ጠፍቶ ኖሮ በኋላ በተገኘው የመጨረሻ ክፍል፥ ሊቃውንቱ በአደባባይ በክብር ይቀበሏቸዋል፤ ያም ምርኮኛ በሕዝብ ፊት ቀርቦ ይጨፍራል፤ ለሊቁም ሐውልት ይቆምለታል። የሊቁን አለቃ ሆኖ የተጫወተው ራሱ ሜልየስ ነው። አስማተኛ ነበረና በሞንትረይ በመስተዋት ባሠራው ቤት፥ በሸራና በቀለም፥ ዛሬም ሰው የሚስቅበትን ይህን ነገር ሠራ።

«ይህንስ ትናንት እንዴት አላየሁትም?» አሉ ሽማግሌው። በልጅነታቸው የቅኔ ቤት ደጃፍ የረገጡ ሰው ነበሩና ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠላቸው። ባለ ቅኔ ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ አይሸጥም። ሰሙን ሰም አድርጎ ያስቀምጣል፤ ወርቁን የሚያወጣው ሰሚው ነው። ሜልየስ «ይህ ጨዋታ ነው» ብሎ ጀመረ፥ እስከ ፍጻሜውም ጨዋታ አደረገው፤ ስለዚህ ከውስጡ እውነት ቢወጣ የሚጐዳ ሰው የለም። ፍላኸርቲ ግን ሰም አቅልጦ «ወርቅ ነው» አለ፤ ያመነውም ሰው ተጐዳ።

የልጅ ልጃቸው ያነበበችውን አንድ ነገር ጨመረችላቸው። በ1953ና በ1955 የካናዳ መንግሥት ከዚያው ከኢኑክጁዋክ ቤተ ሰቦችን አንሥቶ፥ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የሰሜን ጥግ አዛወራቸው። በዚያ የክረምቱ ጨለማ ለወራት የሚዘልቅ፥ የለመዱትም አደን የማይገኝበት ነበረ። ከተዛወሩት መካከል ፍላኸርቲ ትቶት የሄደው ልጁ ይገኝበት ነበር፤ እናቱም በፊልሙ የናኑክ ሚስት ተብላ የታየችው ሴት ናት። መንግሥቱ ይቅርታ የጠየቀው በ2010 ነው። ሽማግሌው ይህን ሰምተው፥ «ፊልሙ አዛወራቸው አልልም፥ ማስረጃ የለኝምና። ነገር ግን አንድን ሕዝብ በረዶ እንደማይጐዳው አድርጎ መቍጠር ከየት እንደሚለመድ አሁን አየሁ» አሉ።

«እንግዲህ ፊልሙ ይጣል ይላሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አይጣልም» አሉ። «የሐሰት ምስክር ቃል እንኳ ከመዝገብ አይፋቅም፤ በኅዳጉ ይጻፍበታል እንጂ። ያ ሰው የሣቀው ሣቅ እውነት ነው፤ ብርዱ እውነት ነው፤ በረዶ መቍረጡም የእጁ ጥበብ ነው፥ ፍላኸርቲ አላስተማረውም። በኅዳጉ ግን አስቀድሞ ስሙ ይጻፍ። አላካሪያላክ ተብሎ ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የታየው ሁሉ ለፊልም ሲባል የሠራው ሥራ እንደ ሆነ ይጻፍ። ያን ጊዜ ተመልካቹ አውሬ የሚያባርር እንግዳ ፍጥረት መሆኑን ትቶ፥ የአባቶቹን አደን ለሰው ያሳየ ባለ ሙያ መሆኑን ያያል። ይህም ክብሩን ከፍ ያደርገዋል እንጂ ዝቅ አያደርገውም»።

ስለ ሜልየስም የቀድሞ ፍርዳቸውን ሻሩ። ልጅቱ ያ ሰው በኋላ ከስሮ በፓሪስ በሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊት ሲሸጥ እንደ ኖረ፥ በ1938ም እንደ ሞተ በነገረቻቸው ጊዜ፥ «የሕፃን ጨዋታ ያልሁት እኔ ነኝ፤ ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል» ብለው ሣቁ። ይግባኝ የሌለው ፍርዳቸው ሲሻር የልጅ ልጃቸው ያየችው ያን ቀን ብቻ ነው።

ማታ ልጅቱ ሄዳ ከተኛች በኋላ፥ ሽማግሌው የአባታቸውን ፎቶግራፍ ገልብጠው ብዕር አነሡ። በሠላሳ ዓመት የጸሓፊነት ልማዳቸው በጥሩ እጅ፥ አስቀድመው የአባታቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፉ። ቀጥለውም ሥራቸው መምህርነት እንደ ነበረ፥ ጦሩና ጋሻው የጎረቤት እንደ ነበሩ፥ ኮቱም ካኪ እንደ ነበረና የያዘው ልጃቸው እንደ ሆነ ጻፉ። ፈረንጁ ገንዘብ መስጠቱንም አልተዉም፤ ምስክር የሚጠቅመውን ብቻ መርጦ አይናገርምና። ከዚህ በታች ቀኑን ጽፈው ፈረሙ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ነገር ግን በላይ የሚውለው ከበታቹ የጻፈው እንዳለ ነው። የሚያይ ሰው ሁሉ የሥዕሉን ውበት ከማድነቁ በፊት፥ በሥዕሉ ላይ የቆመው ሰው ማን ይባላል ብሎ ይጠይቅ።