ከእጅ የምትወጣ መጥረቢያ

የእህቴ ልጅ 21 ዓመት የሞላው እኔ ቶሮንቶ በገባሁ በአራተኛው ወር ነው። ልደቱን የት እንደሚያከብር ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ መጥረቢያ ልንወረውር ነው፤ አንተም አትቀርም» አለኝ። የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ ጠየቅሁት። ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ወደ ፊት ሰነዘረና አሳየኝ። እናቱ ከምድጃው ዞር ብላ አየችኝ። ምንም አላለችም፤ እኔም ምንም አላልኩም።

ወሩ የካቲት ነበር። በዳንፎርዝ ጎዳና ዳርና ዳር የተዛቀው በረዶ ተቆልሎ ጠቁሯል። ከግሪንውድ ጣቢያ አቅራቢያ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በር ሳልፍ ሁልጊዜ እርምጃዬን ቀነስ አደርጋለሁ፤ የሚቆላ ቡና ከሸተተኝ ያ ቀን ለእኔ የተባረከ ነው። በዚያ ምሽት ግን ልጆቹ ስለቸኮሉ በቀጥታ ወደ ባቡሩ ወረድን። ከባቡር አውቶቡስ ይዘን፣ ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ደረስን።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የረጠበ፣ ገና የተፈለጠ እንጨት ሽታ። አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ ወዲህ አፍንጫዬ እንዲህ ያለ ነገር አላገኘም። ኋላ ምክንያቱን ስጠይቅ ነገሩኝ፤ ዒላማው የሚሠራው ፖፕላርን ከመሳሰሉ ለስላሳ እንጨቶች ነው፤ ሲደርቅ ስለት አልቀበልም ስለሚል ውሃ እየረጩ ያርሱታል። መሐሉ ላይ ያለው ጣውላ ቶሎ ስለሚቦጫጨቅ በየጊዜው ይቀየራል። የተነቀለው ጣውላ በአንድ ጥግ ተደርድሯል፤ እንደ ማገዶ። አለፍ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት።

ከመግባታችን በፊት እያንዳንዳችን አንድ ወረቀት ፈረምን፤ ለሚደርስብኝ ጉዳት ኃላፊነቱን ወስጃለሁ የሚል። ጫማችንን አዩ፤ ጣት የሚያሳይ ጫማ ክልክል ነው። ከዚያ በሽቦ አጥር ወደተከለለ ጠባብ ክፍል አስገቡን። ፊት ለፊት ቀጥ ብለው የቆሙ ጣውላዎች፣ በላያቸው የተሳሉ ክቦች፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ቀለም የተቀባ መስመር። ከመስመሩ እስከ እንጨቱ አራት ሜትር ያህል ነው። እጅግ ቅርብ መሰለኝ።

አሰልጣኛችን ወጣት ሴት ናት፤ ክንዷ የሠራተኛ ክንድ ነው። ይህ ጨዋታ ዛሬ በያዘው መልኩ የተጀመረው እዚሁ ከተማ ውስጥ መሆኑን በኩራት ነገረችን። ማት ዊልሰን የተባለ ሰው በ2006 ጓደኞቹን ሰብስቦ በጓሮው መጥረቢያ ያስወረውር ጀመር፤ ጓሮው ሲጠብባቸው ወደ አዳራሽ ገቡ። በ2016 እና በ2017 ውድድሮችን የሚመሩ ሁለት ማኅበራት ተቋቋሙ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የእንጨት ቆራጮቹ ባህል ግን ከዚህ በጣም ይቀድማል። እነሱ ዛሬም ሁለት ስለት ያላትን ትልቅ መጥረቢያ ከስድስት ሜትር ርቀት ይወረውራሉ።

እኔም ይህች አገር ከመጥረቢያ ጋር ያላትን ዝምድና ከመጻሕፍት ትንሽ ቀምሼ ነበር። በ1806 ናፖሊዮን አውሮፓን በእንግሊዝ ላይ ሲዘጋ፣ ለመርከብ ሥራ የሚሆን እንጨት ከባልቲክ ባሕር አገሮች እንደ ልብ የሚመጣበት ዘመን አበቃ። በዚያው ዓመት ፊሌሞን ራይት የተባለ ሰው ከኦታዋ ወንዝ ዳር የቆረጠውን ግንድ እንደ ታንኳ አሳስሮ በወንዙ እስከ ኩቤክ አወረደ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ነጭ የፓይን ዛፍ በመጥረቢያ እየተጣለ፣ በመጥረቢያ አራት ማዕዘን እየተጠረበ ውቅያኖስ ተሻገረ። ብዙ ሰው በዚያ ሥራ ሞቷል፤ ብዙ ሰውም በዚያ ሥራ ልጆቹን አሳድጓል። ስለዚህ የእነዚህ ወጣቶች ጨዋታ ለእኔ ቀላል ነገር አልመሰለኝም። የአያት ቅድመ አያታቸው እጅ ትዝታ ያለበት ነገር ነው።

የእኔም እጅ የራሱ ትዝታ አለው። ደሴ፣ እናታችን እንጀራ ጋግራ በምትሸጥበት ዘመን የምጣዱ እንጨት የእኔ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የባሕር ዛፍ ግንድ ይመጣል፤ እርጥቡን በጊዜ ካልፈለጡት ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል። የመጥረቢያዬ ዛቢያ የወይራ ነበር። ብረቱ እንዳይላቀቅ ማታ ማታ ውሃ ውስጥ እነክራታለሁ፤ እንጨቱ አብጦ ብረቱን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ዓርብ ማታ ሳልነክር ተኛሁ።

በማግስቱ፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ምት ላይ እጄ ድንገት ቀለለኝ። ዛቢያው በእጄ አለ፤ ብረቱ የለም። እህቴ ፍላጭ ልትሰበስብ ጎንበስ ብላ ነበር። ብረቱ በራሷ ላይ አልፎ የማድቤቱን የጭቃ ግድግዳ ሰነጠቀው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ለእናቴ አልተናገርኩም። ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስንጥቁ ተለቅልቆ ጠፍቷል። እናቴ አይታ፣ አዝናልኝ፣ ዝም ያለች መሰለኝ። እስከ ዕለተ ሞቷም አልጠየቅኋትም።

መጥረቢያ ከእጄ ሲወጣ ማለት ለእኔ ይህ ነው።

አሰልጣኟ የሰጠችኝ መጥረቢያ ትንሽ ናት፤ ብረቷ ኪሎ አይሞላም። መጀመሪያ ያደረግሁት ብረቱን ይዤ መነቅነቅ ነው። ከዚያ ዛቢያው ከብረቱ በላይ ብቅ የሚልበትን ጫፍ፣ ሽብልቁ የተመታበትን ቦታ፣ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ። ልጅቱ አየችኝ። ለእህቴ ልጅ አንድ ነገር ነገረችው፤ እሱም፣ «ጋሼ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው ትላለች። በየምሽቱ እያንዳንዱን እራሷ ታየዋለች» ብሎ ተረጎመልኝ።

አያያዙ ይህ ነው፤ ሁለት እጅ ተደራርቦ የዛቢያውን ጫፍ ይይዛል፤ ስለቱ ወደ ጎን ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ዒላማውን ያያል። መጥረቢያዋን ከራስ ኋላ አድርሶ፣ አንድ እግር ወደ ፊት ረግጦ፣ ክንድ ሳይታጠፍ ወደ ፊት ማምጣት። እጅ ከዓይን ትይዩ ሲደርስ ጣትን መክፈት። የእጅ አንጓ ምንም ሥራ የለውም።

ወረወርኩ። መጥረቢያዋ ዒላማው ሥር ወለሉን መታችና ተንሸራተተች። ደግሜ ወረወርኩ፤ ያው ሆነ። እንጨት የፈለጠ ሰው ችግሩ እዚህ ነው። ፈላጭ መጥረቢያውን እስከ ታች፣ እስከ ግንዱ ድረስ አይለቅም፤ መልቀቅ ማለት አደጋ ነው። ወርዋሪ ግን ዘግይቶ ከለቀቀ መጥረቢያዋ መሬት ትወርዳለች። ሠላሳ ዓመት የኖረ ልማድ በአንድ ምሽት እምቢ አለኝ።

ሌላም ነገር ነበረ። ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት ወደ ግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ዝቅ ብዬ አያለሁ። አሰልጣኟ ይህንንም አስተዋለች። ምን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ሰው» አልኳት።

አልሳቀችም። አጥሩን አሳየችኝ። ወለሉ ላይ ያለውን መስመር አሳየችኝ። ሕጉን አንድ በአንድ ደገመችልኝ፤ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ብቻ ጎን ለጎን ይወረውራሉ፤ ሁለቱም ወርውረው ሳይጨርሱ ማንም ከመስመሩ አያልፍም፤ መጥረቢያቸውን ሊነቅሉ አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመለሳሉ፤ መጥረቢያ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም፤ አንዱ ያስቀምጣል፣ ሌላው ያነሣል። ከዚያ ያለችውን የእህቴ ልጅ ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ አለ። «ጋሼ፣ ከኋላህና ከጎንህ ያለው ሰው ሁሉ በእኔ ኃላፊነት ነው፤ አንተ እንጨቱን ብቻ እይ ትላለች።»

ይህንን ቃል በልጅነቴ የሚነግረኝ ሰው ቢኖር ብዬ አሰብኩ። በዚያ ግቢ ፈላጩም ጠባቂውም እኔው የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ።

«ኳስ ትጫወት አልነበር?» አለኝ ልጁ። «የእጅ ውርወራ በለው። መስመሩ ላይ ቆመህ ከራስህ ኋላ የምትወረውረውን።» እውነቱን ነው፤ ለትምህርት ቤታችን ተከላካይ ሆኜ ስጫወት የእጅ ውርወራውን ሁሉ የምወረውረው እኔ ነበርኩ። ኳስ ሲወረወር ክብደቱ ይዞት ይሄዳል፤ ማንም ኳስ እስከ መሬት ይዞ አይወርድም። ሰውነቴ ያንን አስታወሰ። በቀጣዩ ውርወራ መጥረቢያዋ ከፍ ብላ ወጣች፤ ነገር ግን ዛቢያው ቀድሞ እንጨቱን መታና ተመለሰች። ዙሩ አልሞላም ማለት ነው። መጥረቢያዋ ከእጅ ወጥታ እንጨቱ ጋ እስክትደርስ አንድ ሙሉ ዙር ትዞራለች። ዛቢያው ቀድሞ ከመታ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሉሃል፤ ዙሩ አልፎ የብረቱ አናት ቀድሞ ከመታ ደግሞ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት። ጉልበት መጨመር በዚህ ውስጥ የለም። ስህተቱን የሚያርመው እግር ነው።

ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። እንጨቱን ብቻ አየሁ። እጄ ከዓይኔ ፊት ሲደርስ ጣቶቼ ተከፈቱ።

ድምፁ ሌላ ነበር፤ የሚጋጭ ብረት ድምፅ ሳይሆን የሚቀበል እንጨት ድምፅ። ስለቷ በጣውላው ጅማት መካከል ገብታ ቀጥ ብላ ቆመች። የጣውላዎቹ ቁመት ወደ ላይ የሆነው ለዚህ መሆኑ ያኔ ገባኝ፤ ስለቱ ጅማቱን አይቆርጥም፣ ከፍሎ ይገባል፤ ልክ እኛ ግንዱን አቁመን እንደምንፈልጠው። ልጆቹ ጮኹ። እኔ ግን መስመሩን ሳላልፍ፣ አጠገቤ ያለችው ልጅ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። ከዚያ አብረን ሄደን ነቀልን። የነቀልኩበትን ቦታ በጣቴ ነካሁት፤ እርጥብ ነው።

ኋላ በሕጉ ተጫወትን። በሦስት ዙር አምስት አምስት ጊዜ ይወረወራል። ውጫዊው ክብ 1፣ መካከለኛው 3፣ የመሐሉ 5 ነጥብ ነው። ከላይ ሁለት ትንንሽ አረንጓዴ ነጠብጣቦች አሉ፤ 7 ያስገኛሉ፤ ግን የሚሞከሩት በየዙሩ አምስተኛ ውርወራ ላይ፣ አስቀድሞ በአፍ ተናግሮ ብቻ ነው። ምንም ያልሳተ ሰው 81 ይሞላል። የእህቴ ልጅ 44 አገኘ። እኔ 19 አገኘሁ። በመጨረሻው ውርወራ፣ «አረንጓዴውን ጥራ፣ ጋሼ!» ሲሉኝ እጄን ወደ ላይ ጠቁሜ በአማርኛ ጠራሁት። ሳትኩት፤ ግን መጥረቢያዋ ተሰክታ ቀረች።

እኩለ ሌሊት ላይ ቤት ስንገባ እህቴ አልተኛችም። ሻይ ቀዳችልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ወረወርክ?» አለችኝ።

«ወረወርኩ።» ትንሽ ቆየሁ። «ያቺን ቅዳሜ ታስታውሺያለሽ?»

«ብረቱን አላየሁትም» አለች። «የማስታውሰው አንተ ባዶ ዛቢያ ይዘህ እንደ ሕፃን ስታለቅስ ነው። እማዬ እንዳትገርፍህ እሑድ ሁላችሁም ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ጭቃና እበት አቡክቼ ስንጥቁን ለቀለቅሁት። እጄ ስለማይደርስ በርሜሉን ገልብጬ ነው የወጣሁበት።»

«የምን ስንጥቅ?» አለ ልጁ፣ ጃኬቱን እየሰቀለ።