ዜሮ ክፍል ዜሮ አይደለም

በዚህ ሰሌዳ ላይ የሌላው ሰው ጉድለት ሲጻፍ ብዙ ጊዜ አንብበናል። ዛሬ ግን የምንጽፈው ስለ ራሳችን ነው። አምስት እጩ መምህራን ነን። ለማስተማር ልምምድ ስንደለደል ሦስታችን ለጅግጅጋ፣ ሁለታችን ለሽንሌ ደረስን፤ ሁላችንም ግን የተመደብነው ቅድመ አንደኛ ክፍል፣ ሕዝቡ «ዜሮ ክፍል» በሚለው ላይ ነበር።

በዚያው ዕለት ማታ ተሰብስበን ማመልከቻ ጻፍን። «ከአራተኛ ክፍል በላይ እንድንመደብልን በአክብሮት እናመለክታለን» ይላል። ምክንያት ብለን የደረደርነው ብዙ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ግን አንድ ነበር፤ አፍረን ነው። ዜሮ ክፍል ማስተማር ሕፃን ማባበልና ንፍጥ መጥረግ እንጂ የመምህር ሥራ አይመስለንም ነበር። ማመልከቻው ሳይገባ የልምምዱ ቀን ደረሰ።

በጅግጅጋው ክፍል ምንጣፍ ላይ የተቀመጡት ልጆች ከስልሳ አያንሱም። ከእኛ መካከል አንዱ ጅግጅጋ ተወልዶ ያደገ ነው። ሶማልኛውን በገበያም በሠፈርም እንደ ልቡ ይናገረዋል፤ ማንበብና መጻፍ የተማረው ግን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ የወተት ኩባያ ሥዕል ሥር ያለውን ቃል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ገለበጠና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ካኖ!» ሲል አነበበ። ልጆቹ ጭጭ አሉ። በ1965 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ በጸደቀው፣ እዚህም በምንጠቀምበት የሶማልኛ አጻጻፍ፣ እንግሊዝኛው «ሲ» የሚለው ፊደል የሚነበበው «ዓ» ተብሎ ነው። ቃሉም «ዓኖ» ነው፤ ወተት ማለት። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ሳቋን መቋጠር አቅቷት «ዓኖ!» አለች።

መሬት ተከፍታ ብትውጠን ደስ ባለን። የክፍሉ መምህርት ግን እኛንም አልገሠጹ፣ ልጅቷንም አላስፈራሩ። «ነይ ተነሺ፣ እንግዳውን አስተምሪው» አሏት። ልጅቷ ወጥታ በጣቷ እያመለከተች አስነበበች፤ ክፍሉ በሙሉ ተከተላት፤ ባልደረባችንም ተከተላት።

ልጆቹ ከተለቀቁ በኋላ መምህርቷ ሻይ አስመጥተው አጠገባቸው አስቀመጡን። ወቀሳ ስንጠብቅ የጠየቁን ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው። «ልጆቹ ዛሬ ምን ሠሩ? መቼ ዝም አሉ? ነገ ምን እንለውጣለን?» ባልደረባችን «ቲቸር፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ…» ብሎ ሲጀምር አቋረጡት። «ስለ አንተ መቼ ጠየቅኩህ? የጠየቅኩህ ስለ ልጆቹ ነው» አሉት። ቀጥለውም «ነገ እኔ አስተምራለሁ፤ እናንተ ከኋላ ተቀምጣችሁ ያያችሁትን ጻፉ፤ አትፍሩ» አሉን።

በማግስቱ ጻፍን። ትምህርቱ እጅግ ያማረ ነበር። ተረት ሲጀምሩ «ሼኮ ሼኮ» ይላሉ፤ ልጆቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ይመልሳሉ፤ ልክ እኛ «ተረት ተረት» ስንባል «የላም በረት» እንደምንለው። ከእኛ አንዷ ግን በማስታወሻዋ አንድ ነገር ይዛለች፤ በበሩ በኩል ከተቀመጡት ልጆች መካከል በዚያ ጠዋት አንድም የተጠየቀ የለም። ልትናገር አልደፈረችም ነበር፤ እኛ ነን የገፋፋናት። መምህርቷ ሰምተው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት ስሠራ ማንም ገብቶ አላየኝም፤ እንዴት ልወቀው?» አሉ። በሦስተኛው ቀን ስንገባ ምንጣፎቹ በክብ ተነጥፈው አገኘናቸው።

እኛ መሪነት የሚመስለን ቢሮ፣ ማኅተምና ፊርማ ነበር። የመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላልም ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ እንደሚወጣ ለፈተና ሸምድደናል። «መሪ» የሚለው ቃል መሰላሉ ጫፍ ላይ ይገኛል። በዚያች ክፍል ያየነው መሪነት ግን አንድ ልምድ ያለው ሰው በሩን ከፍቶ «ገብታችሁ እዩኝ» ሲልና፣ ጀማሪ የነገረውን ሰምቶ ምንጣፉን ሲያዞር ነው። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ይመስለናል።

ሽንሌ የሄዱት ሁለቱ ባልደረቦቻችን የገጠማቸው ሌላ ነው። እዚያ የዜሮ ክፍል መምህርቷ ብቻዋን ናት፤ ገብቶ የሚያያት የሙያ ጓደኛ የላትም። በመጨረሻ መላ የተገኘው ከአንደኛ ክፍል መምህሩ ነው። ልጆቹ በሚቀጥለው ዓመት የሚሄዱት ወደ እርሱ ነውና በሳምንት አንድ ቀን እየገባ ማየት ጀመረ፤ እርሷም የእርሱን ክፍል አየች። ሁለት ሰው በቃ።

ይህ ነገር ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቁርኣን ቤት ትልቁ ልጅ ትንሹን በሎሕ ላይ ያስጠናዋል፤ በቄስ ትምህርት ቤትም የቀደመው ለኋለኛው ፊደል ያስቆጥራል። ጃፓኖችም «ጁግዮ ኬንክዩ» የሚሉት፣ መምህራን አንዱን ትምህርት አብረው አዘጋጅተው፣ አብረው አይተው፣ አብረው የሚያርሙበት ልማድ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯቸዋል። በአገራችን በአንድ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ይባል ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በፍርሃት ነው፤ የሚመረመረው ሰውዬው ነበርና። እዚህ የሚታየው ግን ልጆቹ ምን ተማሩ የሚለው ነው።

ታሪኩንም አንርሳ። በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው በጎረቤታችን በድሬዳዋ፣ የባቡር ሐዲዱን ሊሠሩ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች የተከፈተው ነው። ያ ሐዲድ በሽንሌ በኩል ቢያልፍም፣ የሽንሌ ልጅ ግን ብዙ ዘመን ከበሩ ውጭ ቆየ። በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ብሔራዊውን የፖሊሲ ማዕቀፍ በጋራ ካወጡ ወዲህ ነው ዜሮ ክፍል በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ክፍሉ ቶሎ ተከፈተ፤ ለክፍሉ የሚሆን መምህር ግን በዚያው ፍጥነት አልሠለጠነም። ስለሆነም ያሉት መምህራን እርስ በርስ ካልተማማሩ ማን ያስተምራቸዋል?

መንገዱም ተቀይሷል። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ እኛ «ተሙማ» በምንለው ማዕቀፍ፣ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ዕድገት እንዲያውል ተደንግጓል፤ አዲስ ተቀጣሪም ሁለት ዓመት በአማካሪ መምህር ይታገዛል። የትምህርቱን ዘመን 40 ሳምንት ብናደርገው፣ 60 ሰዓት በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ጊዜ ገብቶ ለማየትና ሻይ እየጠጡ ለመነጋገር ይበቃል። ችግሩ ይህ ሰዓት ማኅደረ ተግባር በመሙላት ማለቁ ነው። ወረቀቱ ይወፍራል፤ በበሩ በኩል ያለው ልጅ ግን አሁንም አልተጠየቀም።

ውድ አንባብያን! ልምምዳችን ሲያልቅ የጅግጅጋዋ መምህርት አንድ ነገር አጫወቱን። እርሳቸውም በልጅነታቸው ማመልከቻ ጽፈው ነበር። «ትልቅ ክፍል ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። የሚሰጠኝ አጣሁና ቀረሁ። አሁን ቢሰጡኝ አልሄድም፤ ግን የሚጠይቀኝም የለም» ብለው ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

የእኛ ማመልከቻ እስካሁን በአንዳችን ደብተር ውስጥ ታጥፎ ይገኛል። ሦስታችን ስማችንን ሰርዘናል። ሁለቱ ገና እያሰቡ ናቸው፤ ደመወዙንም፣ የሰውንም አፍ ማሰብ አለባቸው፤ አንፈርድባቸውም።

ለመምህሮቻችንና ለእጩ ጓደኞቻችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በየሳምንቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ያስተምር፤ ሌሎቻችን ከኋላ ተቀምጠን እንጻፍ፤ ከዚያ ሦስቱን ጥያቄዎች እንጠያየቅ። ለመጀመሪያው ሐሙስ የሚያስተምረው «ካኖ» ያለው ባልደረባችን ነው፤ ራሱ ጠይቆ ነው። የሚከተለው ሐሙስ ባለቤት የለውም፤ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ከዚህ ጽሑፍ ሥር ተለጥፏል። መምህሮቻችንም ቢጽፉበት ደስ ይለናል።