ኒሻንና ገመድ

ከባሕር ዳር በኮሶበር አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርድ መንገደኛ ቡሬን ቢያስታውሳት ምሳ የበላባት ከተማ አድርጎ ነው። በአርበኝነት ዘመን ታሪክ ግን ድርሻዋ ከምሳ ይበልጣል። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ በሺህ የሚቆጠር ጦሩን ይዞ የቡሬን ምሽጎች ለቅቆ ሲወጣ፣ ያስጨነቀው ኃይል ከሱ እጅግ ያነሰ ነበር። ከሱዳን የገባው፣ ጌዴዎን የተባለው መደበኛ ጦር ከ2,000 ሰው አይበልጥም። የናታሌን ልብ ያራደው የዚህ ጦር የሌሊት ተኩስ ብቻም አይደለም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጎጃምን አላስገዛ ያሉት አርበኞች ዙሪያውን ይዘውት ነበር።

በጌዴዎን ጦር ውስጥ የሱዳኖቹን ሻለቃ ጦር ያዘዘው ሂዩ ቡስቴድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1895 በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ የተወለደ እንግሊዛዊ ይሁን እንጂ በጦር ቤቱ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ለጎርደን ሃይላንደርስ ሬጅመንት ያገለገለ መኮንን ነበርና። በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ ተወዳድሯል፤ በ1933 ኤቨረስትን ለመውጣት ከሞከሩት አንዱ ነው። ደረቱ ላይ ከጎጃም ዘመቻ በፊት ሁለት ጊዜ የተሸለመው ሚሊተሪ ክሮስ ነበር፤ ከጎጃም በኋላ ዲ.ኤስ.ኦ. ተጨመረበት።

እኔን የገረመኝ ግን የኒሻኑ ብዛት አይደለም፤ የወታደርነቱ አጀማመር ነው። ቡስቴድ ወጣት የባሕር ኃይል ዕጩ መኮንን ሳለ በ1915 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከመርከቡ ከዳ። የከዳው ከጦርነት ሸሽቶ ሳይሆን ጦርነት ፍለጋ ነበር፤ በደቡብ አፍሪካ ስኮትላንዳውያን ሬጅመንት ተራ ወታደር ሆኖ ገባና ፈረንሳይ ዘመተ። በጀግንነቱ ከተሸለመ በኋላ ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የክዳቱን ጥፋት በይቅርታ ሰረዙለት።

ይህን ታሪክ አንድ ቀን ቡሬ፣ ጠጅ ቤት ተቀምጠን ላጫወቱኝ ሽማግሌ ነገርኳቸው። ብርሌያቸውን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ታዲያ የኛን በላይን ምነው ገመድ ላይ አዋሉት፣ ልጄ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። በላይ ዘለቀ ጣሊያንን ከብቸናና ከአካባቢው እየተነሣ ሲወጋ ኖሮ፣ ከነፃነት በኋላ ደጃዝማች ተብሎ ብቸናን ያስተዳደረ ሰው ነው። በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ተዋጋም። ሞት ተፈርዶበት ወደ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር ቤት አምልጦ ተያዘና በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ከጎኑ የተሰቀለው የራስ ኃይሉ ልጅ ማሞ ኃይሉ፣ በጦርነቱ ዘመን ከጣሊያን ጋር የቆመ ሰው ነበር። አርበኛውና ባንዳው በአንድ ቀን፣ በአንድ አደባባይ!

መቼም የሁለቱ ጥፋት እኩል ነው አይባልም። መርከብ ጥሎ መጥፋትና በመንግሥት ላይ ጠመንጃ ማንሣት ይለያያሉ፤ ከጠላት ገና የተላቀቀ መንግሥትም ሸፋች በዛብኝ ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ነገር ግን በአገሩ ምሕረት አልጠፋም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ በጣሊያኖች ላይ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዋል። ለጣሊያን ያደሩት ራስ ኃይሉም በቁም እስር ኖረው፣ በ1950 እ.ኤ.አ. ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሞቱ። ለጠላት የተገኘ፣ ለትልቅ ቤት ልጅም ያልጠፋ ምሕረት ለጀግናው ሲደርስ አለቀ።

ለጀግና ኒሻን መስጠት ቀላል ነው፤ ብረትና ሐር ነው። የሚከብደው ጦርነቱ አልቆ ያው ደፋር ሰው «እምቢ» ያለ ቀን ነው። በጠላት ፊት ስንወድለት የኖርነው እልክ ወደኛ ሲዞር «ትዕቢት» እንለዋለን። የእንግሊዙ ንጉሥ ያን ወጣት ከዳተኛ በሕጉ ፊደል ብቻ መዝነውት ቢሆን፣ ከ25 ዓመት በኋላ ቡሬን የከበበው ጦር አንድ አዋጊ ይጎድለው ነበር። ከበላይ ጋር ምን እንደ ጎደለብን ግን ሊነግረን የሚችል የለም፤ የተሰቀለ ሰው ተመልሶ አይሠራምና።