በረኛ ሲመረጥ

አንባቢ ሆይ፤ ተማሪ ሳለህ በዕረፍት ሰዓት ኳስ ለመጫወት በሁለት ስትከፈሉ በበሩ ላይ ማን ይቆም እንደ ነበረ ታስታውሳለህ? እኔ አስታውሳለሁ። ሁለቱ ጎበዞች ጓደኞቻቸውን ተራ በተራ እየጠሩ ከመረጡ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ ማንም ሳይጠራው የሚቀር አንድ ልጅ አይጠፋም። «አንተ በረኛ ሁን» ይባልና ወደ ሁለቱ ድንጋዮች መካከል ይላካል። ኳሷን የያዘ እንደ ሆነ ማንም አያመሰግነው፤ የገባችበት እንደ ሆነ ግን ሜዳው ሁሉ ይጮኽበታል። እኔ ራሴ ያ ልጅ ስለ ነበርሁ ነገሩን በሚገባ ዐውቀዋለሁ። እያወቅሁም ሳለ፣ ተራዬ ደርሶ መራጭ በሆንሁ ጊዜ ያደረግሁትን ዛሬ ልንገርህ።

ከዩኒቨርስቲ ወጥቼ ሒሳብ እንዳስተምር የተመደብሁት በደብረ ታቦር ነው። ይህች ከተማ ዐፄ ቴዎድሮስ የተቀመጡባት ናት፤ ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፋቸውን ያሠሩባት ጋፋትም ከአጠገቧ ናት። አገሩ ደጋ ነው። በስተምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ የማለዳው ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። አየሩ ስስ ስለ ሆነ የተለጋች ኳስ ከቆላው ይልቅ እዚህ ትፈጥናለች። የኳስ ሜዳችን ደግሞ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ በታችኛው በር የሚቆም ልጅ መከራውን ያያል።

ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር ለሚደረገው ግጥሚያ ተጫዋች የመምረጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የተሰጠኝም ጊዜ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበር። በረኛ ለመሆን የቀረቡት ሁለት ልጆች ናቸው። አንደኛው ረጅም፣ ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁም የጎረነነ ነው። ሁለተኛው ከጉና ሥር ካለ ገጠር የመጣ አጭር ልጅ ነው፤ በከተማ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ በየሳምንቱ ቅዳሜም ወደ ቤተ ሰቡ በእግሩ ሄዶ ስንቁን በጀርባው ተሸክሞ ይመለሳል።

እኔም እንደ ሒሳብ መምህርነቴ ነገሩን በቁጥር ልጨርሰው አሰብሁ። ከሁሉ የበለጠ የሚለጋውን ልጅ ጠርቼ ለእያንዳንዳቸው ዐሥር ዐሥር ኳስ አስመታሁባቸው። ረጅሙ ስድስት ያዘ፤ አጭሩ ሦስት ያዘ። ደብተሬን አጥፌ፣ ልጆቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ አጭሩን ልጅ «አንተ ለበር አትሆንም፤ ቁመትህን አታየውም?» አልሁት። ልጆቹ ሳቁ። እሱም አቀርቅሮ «እሺ መምህር» ብሎ ሄደ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከወረታ ከመጡ ልጆች ጋር ገጠምን። የመጀመሪያዋ ኳስ እስክትገባ ድረስ ረጅሙ በረኛችን እንደ ዋርካ ቆሞ ነበር። ከገባች በኋላ ግን ልጁ ሌላ ሰው ሆነ፤ ዐይኑ ከኳሷ ይልቅ ወደ እኔ ይመለከት ጀመር። 4 ለ 1 ተሸነፍን። ልጁ ከበሩ ቋሚ ሥር ተቀምጦ አለቀሰ፤ ጓደኞቹም ትተውት ሄዱ።

ማታ ከግቢው ስወጣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ ናቸው፣ አስቆሙኝ።

«መምህር፤ ቢፈቅዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አሉኝ።

«ይጠይቁኝ አባባ» አልኋቸው።

«ያ ከጉና የመጣው ልጅ ሰባት ገባችበት ብለው ጽፈዋል። ከሰባቱ ስንቷን በእጁ እንደ ነካትስ ጽፈዋል?»

ደብተሬን ገልጬ አየሁ። የያዘና የገባ ከሚል ምልክት በቀር ምንም አልተጻፈበትም።

«እኔ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ስቆጥር ነበር» አሉ ሽማግሌው፤ «አምስቷን ነክቷታል። ረጅሙ ግን የገቡበትን አራቱን ቆሞ ነው የሸኛቸው። እኔም በር ጠባቂ ነኝና፣ በር ላይ የቆመ ሰው ነቅቶ እንደ ሆነ ወይም ተኝቶ እንደ ሆነ አይጠፋኝም።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የገባችውን ኳስ ቆጠርሁ እንጂ ልጁን አላየሁትም ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የእኔ ብቻ ጥፋት እንዳይመስልህ። በረኛን አለማየት የቆየ ልማዳችን ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ሁለት ጊዜ ተመርተን፣ ሁለት ጊዜ እኩል አድርገን፣ በተጨማሪው ሰዓት ነው ያሸነፍነው። ስለዚያ ቀን የሚያወራ ሰው ሁሉ መንግሥቱ ወርቁን፣ ሉቺያኖ ቫሳሎንና ወንድሙን ኢታሎን ያነሣል፤ ማንሣቱም የሚገባ ነው። «በበሩ ላይ የቆመውስ ማን ነበር?» ብለህ ብትጠይቅ ግን ብዙው ሰው ዝም ይላል። ጊላሚካኤል ተክለማርያም ነበር።

ከዚያ ልክ 51 ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋር ገጠመ። እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ በጎረቤት ቤት ቴሌቪዥን አየሁት። በረኛችን ጀማል ጣሰው ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው ቀርተን የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻው ደቂቃ ሲወጣ፣ አዲስ ህንፃ የተባለው የመካከል ተጫዋች ጓንት አጥልቆ በበሩ ላይ ቆመ። በአገር ውስጥም ቢሆን ትልቁ ክለብ ቅዱስ ጊዮርጊስ ለብዙ ዓመት በሩን ያስጠበቀው ሮበርት ኦዶንካራ ለተባለ ኡጋንዳዊ ነበር። ሰውዬው ጎበዝ ስለ ሆነ ወቀሳ የለብኝም፤ ነገር ግን አጥቂ ሞልቶን በረኛ ከጎረቤት ስናመጣ ምን ጎደለን ብሎ መጠየቅ ደግ ነው።

ይህን እያሰብሁ ስለ በረኛ አሠለጣጠን የተጻፈ ነገር እፈልግ ጀመር። ብዙ ያገኘሁት ግን ካልጠበቅሁት ጨዋታ ነው፤ ይኸውም ካናዳውያንና ስዊድናውያን በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ ነው። ለእኛ ጉና ላይ የሚወርደው በረዶ ገብስ ከመምታት በቀር ለጨዋታ አይሆንም። የሆነ ሆኖ የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ሆኪ እንግዳ አይደለም፤ እኛ በዱላ ሩሯን እንደምንመታ እነርሱም ከጠጣር ጎማ የተሠራች ጠፍጣፋ ክብ ነገር ይመታሉ። የሚለየው በብረት ጫማ እየተንሸራተቱ መሆኑና በረኛ ማቆማቸው ነው። በሩ 1 ሜትር ከ83 ስፋት፣ 1 ሜትር ከ22 ቁመት ብቻ አለው፤ ነገር ግን ያች ጎማ እጅግ ፈጥና ትመጣለች።

እነዚያ ሰዎችም በረኛቸውን ለማየት ብዙ ጊዜ ወስዶባቸዋል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ዣክ ፕላንት የተባለው የሞንትሪያል በረኛ ፊቱን ተመትቶ ቁስሉ ከተሰፋ በኋላ «ጭንብል ካላደረግሁ አልመለስም» አለ። አሠልጣኙ ባይወድም ሌላ በረኛ ስላልነበረው ፈቀደለት። ከዚያ ወዲህ የበረኛ ፊት በጭንብል መሸፈን ልማድ ሆነ።

ምርጫቸው ደግሞ የበለጠ አስተማረኝ። በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ትልልቆቹ ቡድኖች በየዓመቱ ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ። በ2000 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ከሁሉ በፊት፣ በ1ኛ ተራ የተመረጠው ሪክ ዲፒዬትሮ የተባለ በረኛ ነበር። በዚያው ዓመት ሄንሪክ ሉንድክቪስት የተባለ የስዊድን በረኛ በ205ኛ ተራ ተመረጠ። የመጀመሪያው ጉዳት እየተደጋገመበት ሳይዘልቅ ቀረ። 205ኛው በ2012 የዓመቱ ምርጥ በረኛ ተባለ፤ በ2023 ደግሞ ስሙ በሆኪ የክብር መዝገብ ገባ። ሥራቸው መምረጥ ብቻ የሆነ ሰዎች ይህን ያህል ከተሳሳቱ፣ እኔ በአንድ ከሰዓት በኋላ የማልሳሳት ማን ነኝ?

ሌላም ነገር አነበብሁ። ባርንስሊ የተባለ የካናዳ ምሁር በ1985 እንዳሳየው፣ ለትልቅ ሆኪ የሚመረጡት ልጆች አብዛኞቹ በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱ ናቸው። ምክንያቱ ኮከባቸው አይደለም። ልጆቹ የሚመደቡት በልደት ዓመት ስለ ሆነ፣ በጥር የተወለደው በታኅሣሥ ከተወለደው በ11 ወር ይበልጣል፤ በልጅነት ደግሞ 11 ወር ብዙ ጉልበት ነው። መራጩም ዕድሜን ችሎታ ነው ብሎ ይወስዳል።

ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። በእኛ አገር ልዩነቱ የወራት ብቻ አይደለምና። አንዱ በሰባት ዓመቱ ትምህርት ይጀምራል፤ ሌላው ከብት ሲጠብቅ ቆይቶ በዐሥር ዓመቱ ይጀምራል፤ ሁለቱም በአንድ ክፍል ይቀመጣሉ። መዝገቡን ባየው ረጅሙ በረኛዬ አጭሩን በሦስት ዓመት ይበልጠዋል። እኔ ያወዳደርሁት አንድ ጎረምሳንና አንድ ልጅን ነበር።

በማግስቱ አጭሩ ልጅ ወደ ሜዳ አልመጣም፤ በሦስተኛው ቀን ከክፍልም ቀረ። ጓደኞቹን ብጠይቅ «ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሬ እገባለሁ እያለ ነው» አሉኝ። ማታ ወደ ተከራየበት ቤት ሄድሁ። ድንች እየቀቀለ አገኘሁት። ብድግ ብሎ ያለችውን አንዲት በርጩማ ሰጠኝ። እኔም ሳልቀመጥ፣ «በሰው ፊት አላግባብ አዋርጄሃለሁና ይቅርታ አድርግልኝ» አልሁት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቶ ስለማያውቅ የሚለው ጠፋው። ቆይቶ፣ «ቁመቴ ይጨምር ይሆን መምህር?» ሲል ጠየቀኝ።

«ስለ ቁመትህ አላውቅም» አልሁት፤ «የት እንደምትቆም ግን ላስተምርህ እችላለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ልጆች አብሬ አስተማርሁ፤ ረጅሙንም ሳላስተምር ወደ ጨዋታ ስለ ላክሁት በድዬው ነበርና። ከዘበኛው ሁለት መጫኛ ተውሼ አንዱን ከቀኝ ቋሚ፣ ሌላውን ከግራ ቋሚ አሰርሁ፤ ጫፋቸውንም በሜዳው ላይ ባለችው ኳስ ዘንድ አገናኘሁ። ይህ የሆኪም የእግር ኳስም አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ሁለቱ ገመዶችና የበሩ መስመር ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የበሩ ስፋት 7 ሜትር ከ32 ነው። ኳሷ ከበሩ ፊት ለፊት 11 ሜትር ርቃ ሳለ በረኛው በመስመሩ ላይ ቢቆም ያን ሁሉ መጠበቅ አለበት። 3 ሜትር ወደ ፊት ቢራመድ ግን በገመዶቹ መካከል የሚቀረው 5 ሜትር ከ32 ብቻ ነው። እጅግ ርቆ የወጣ እንደ ሆነ ግን ኳሷ በራሱ ላይ ታልፋለች፤ ስለዚህ መውጣትም ልክ አለው። በክፍል ውስጥ ሦስት ማዕዘን ሳስተምር ያንቀላፋ የነበረው ያ አጭር ልጅ፣ በመጫኛው መካከል ቆሞ፣ «መምህር፤ እኔ ሳልረዝም በሩ አነሰ እኮ!» ብሎ ሳቀ።

ሌላም ሥርዐት አበጀን። ኳስ የገባችበት በረኛ ከመረቡ አውጥቶ ራሱ ወደ መካከል ይወረውራታል፤ ተከላካዮቹንም በስማቸው እየጠራ ቦታ ያስይዛል። ወደ እኔ መመልከት ክልክል ነው። በደብተሬም የያዘና የገባ ከሚለው አጠገብ አዲስ ዓምድ ሠራሁ፤ ርእሱም «ከገባች በኋላ» የሚል ነበር።

በዓመቱ መጨረሻ ከእነዚያው ከወረታ ልጆች ጋር እንደገና ገጠምን። አጭሩ ልጅ በታችኛው በር ቆመ። በአምስተኛው ደቂቃ ከማዕዘን የተሻማች ኳስ ከእጁ በላይ አልፋ ገባችበት፤ ቁመቱ አልጨመረም ነበርና። ልቤ ተሰቀለ። ልጁ ግን ተነሣ፣ ኳሷን አወጣ፣ ወረወራት፣ ተከላካዮቹን ጠራ። ወደ እኔ አላየም። ቆይቶ አንድ አጥቂ ብቻውን ሲመጣበት፣ ከሜዳው ዳር የረጅሙ በረኛ ድምፅ «ገመዱን! ገመዱን!» ሲል ሰማሁ። አጭሩ ሦስት እርምጃ ወጣ፤ ኳሷም ደረቱን መትታ ተመለሰች። 1 ለ 1 ወጣን። ዋንጫ አላገኘንም። ልጁ ግን ዛሬም በትምህርቱ ላይ ነው።

ማታ ስወጣ ዘበኛው በበሩ ላይ ነበሩ። «ዛሬስ ጻፉት መምህር?» አሉኝ። «ጻፍሁት አባባ» አልኋቸው።

አንባቢ ሆይ፤ አንተ ዛሬ ተማሪ ብትሆን ነገ መምህር ትሆናለህ፤ ዛሬ ጸሐፊ ብትሆን ነገ የክፍል ሹም ትሆናለህ። አንድ ቀን ደብተር ይዘህ በሰው ላይ ምልክት የምታደርግበት ጊዜ ይመጣል። ያን ጊዜ የገባችበትን ብቻ አትቁጠር፤ ስንቷን እንደ ነካት እይ፤ ከገባችበት በኋላም እንዴት እንደ ተነሣ ተመልከት። ከሁሉ በፊት ግን፣ የት እንደሚቆም ያስተማረው ሰው እንደ ነበረ ጠይቅ። ያስተማረው ከሌለ፣ የምርጫው ደብተር ይቆይና መጀመሪያ መጫኛውን ፈልግ።