ኑጉ መቼ ያብባል?
ከፍኖተ ሰላም እስከ ግሽ ዓባይ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

የዓባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን ላይ የወጣ መንገደኛ ደብረ ማርቆስንና ደንበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲገባ ከአዲስ አበባ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቋል። ጊዜው ጥር ነው። አዝመራው ተሰብስቧል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የበቆሎ አገዳ ተከምሯል፤ በየደጁ ቀይ በርበሬ ተሰጥቷል። እኔን ያመጣኝ አንድ ጉዳይ ነው፦ የዚህ አገር ወጣት በስልኩ የሚደርሰውን ነገር በምን እንደሚመዝን፣ መምህራኑስ በዚህ በኩል ምን እያስተማሩት እንደሆነ ማየት።

ፍኖተ ሰላም

ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቁ የሞባይል ጥገና ቤቶች ተደርድረዋል። ስልክ ከመጠገን ሌላ ዘፈን፣ መዝሙር፣ ፊልምና «ወቅታዊ» የሚባል ቪዲዮ ይጭናሉ። ከገጠር ለገበያ የመጣ ጎረምሳ ሚሞሪውን አውጥቶ ይሰጣል፤ ጥቂት ብር ከፍሎ አስሞልቶ ይቀበላል። ማታ መንደሩ ሲገባ በዜንደር መተግበሪያ ለጓደኛው ያሻግረዋል፤ ጓደኛው ደግሞ ለአጎቱ ልጅ። ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ያለ ቪዲዮ ቢያንስ የለጠፈው ገጽ ስም፣ ቀኑና ከሥሩ የተጻፈ አስተያየት አይጠፋውም። በሚሞሪ የሚዞረው ግን ማን እንዳነሳው፣ መቼና የት እንደተነሳ የሚናገር ምልክት ሁሉ ተራግፎለት ብቻውን ይደርሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ኢንተርኔት ሲጠፋ ወሬም ይጠፋል ብሎ ያሰበ ካለ እዚህ መጥቶ ይጠይቅ። ወሬው አልቆመም፤ የቆመው ማጣሪያው ነው። እንደ ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ ያሉ መረጃ አጣሪዎች በአማርኛ የሚያወጡት ማስተካከያ የሚነበበው በኢንተርኔት ነው። የተሳሳተው ቪዲዮ በሚሞሪ ካርድ ጓዳ ድረስ ሲገባ ማስተካከያው መንገድ አጣ። ስለዚህ በዚህ አገር የሚሰጥ የሚዲያ ትምህርት መረብ በሌለበትም ቀን የሚያገለግል መሆን አለበት።

ይህን ከሚያውቁት አንዱ እዚህ ያገኘኋቸው የአማርኛ መምህር ናቸው። ትምህርታቸውን የሚሰጡት በሚኒ ሚዲያ ክበብ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት ያለፈ ሁሉ ሚኒ ሚዲያን ያውቃል፤ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላና በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜናና ግጥም የሚያነቡት ተማሪዎች ናቸው። የክበቡ ደንብ በእጅ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዜና ይዞ የመጣ ተማሪ ሦስት ጥያቄ ሳይመልስ ማይክ አይጨብጥም፦ አየኸው ወይስ ሰማኸው? ከሰማኸው ከማን? የነገረህ ሰውስ አይቷል? መምህሩ እንደሚሉት አብዛኛው ዜና ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ከክበቡ ጋር አብሬ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። መምህሩ ከሚሞሪ የተገኘ አጭር ቪዲዮ በላፕቶፕ ከፈቱ። በገጠር መንገድ ላይ ብዙ ሰው ይሮጣል፤ ከላዩ በትልቁ «ትናንት የተፈጸመ» የሚል ጽሑፍ አለ። መምህሩ «እውነት ነው ወይስ ውሸት?» ብለው አልጠየቁም። «ምን ታያላችሁ?» ነው ያሉት። አንዱ ልጅ ዳር የቆመችውን ሚኒባስ አሳየ፤ ታርጋዋ ላይ ያለው ፊደል «አማ» ሳይሆን የሌላ ክልል ነው። ሌላው የሰዎቹን ጥላ አይቶ ሰዓቱ ማለዳ ወይም ወደ ማታ መሆን አለበት አለ። ከዚያ ከገጠር ቀበሌ መጥታ፣ ከተማ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ከሰዎቹ ኋላ ያለው ቢጫ ነገር ኑግ ነው። አብቧል። አሁን እኮ ጥር ነው፤ የእኛ ኑግ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ገበያ ወጥቷል።»

ሁሉም ወደ ላፕቶፑ ተጠጋ። ልጅቷ ልክ ነበረች። ኑግ በዚህ አገር የሚያብበው በመስከረምና በጥቅምት ነው። ቪዲዮው የትም ይነሳ የት፣ የትናንት ሊሆን አይችልም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «ወር» ብለው ጻፉ፤ ከሥሩም ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚዘረዝሩትን አሰፈሩ፦ አደይ የምትፈነዳበት፣ የጤፍ ማሳ የሚነጣበት፣ ወንዝ የሚደፈርስበትና የሚጠራበት፣ በቆሎ ወገብ የሚደርስበት።

ትልልቆቹ የዓለም መረጃ አጣሪዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ጥላ ይለካሉ፤ የተራራን ቅርጽ ከሳተላይት ፎቶ ጋር ያስተያያሉ፤ የሱቅ ማስታወቂያና ታርጋ ያነባሉ። በዚህ ሥራ የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ ትበልጥ እንደሁ እንጂ አታንስም። ሰማዩንና መሬቱን ስታነብ ነው ያደገችው። የሚያስፈልጋት ይህ እውቀት ለስልኩም እንደሚያገለግል የሚያሳያት ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ አገኘች። ስለ ዲጂታል ክህሎት በተሰጡ ስልጠናዎች ላይ ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። በአብዛኞቹ ወጣቱ ባዶ እጁን እንደመጣ ተቆጥሮ ነው የሚጀመረው። ፍኖተ ሰላም ላይ ያየሁት የተጀመረው ልጆቹ ከሚያውቁት ነው፤ ልዩነቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ይታያል።

ቡሬ

ቡሬ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ ወደ ባሕር ዳር ይቀጥላል፤ ሌላው ወደ ዓባይ ወርዶና ተሻግሮ ነቀምት ያደርሳል። የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክና የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ስላሉባት ሥራና ትምህርት የሚፈልግ ወጣት ይበዛባታል። ይህን ወጣት የሚፈልግ አታላይም አይጠፋም።

በበርበሬ ንግድ የሚተዳደር አንድ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ሁለት መልእክት አሳየኝ። ሁለቱም ብር እንደገባለት ይናገራሉ፤ ቃላቸው አንድ ነው። አንዱ የመጣው ከ127 ነው፤ የቴሌብር ቁጥር። ሁለተኛው የመጣው በ09 ከሚጀምር ተራ የሰው ቁጥር ነው። ይህን ሐሰተኛ መልእክት ተከትሎ ስልክ ይደወላል፦ «ወንድሜ፣ በስህተት ልኬብህ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር መልስልኝ።» ሰው ሲያዝን የራሱን ብር ይልካል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ በገበሬውም ቤት ገብቷል፤ ማታለያውም አብሮ ገባ። ወጣቱ እናቱንና ጎረቤቶቹን የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው፦ «መልእክቱን አትመኑ፤ ቀሪ ሂሳባችሁን እዩ። ሚስጥር ቁጥር የሚጠይቃችሁን ደግሞ ስልኩን ዝጉበት።» ፊደል ላልቆጠረች እናትም 127ን በቅርጹ እንድትለይ አስተምሯታል።

የተማሪዎቹ ፈተና ሌላ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ለሌላ ጊዜ እንደተላለፈ ይታወሳል። በ2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ከመቶ 3.3 ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ፍርሃት ይፈጥራል፤ ፍርሃት ደግሞ ገበያ ነው። በየዓመቱ ፈተና ሲቃረብ «ሾልኮ የወጣ ፈተና እንሸጣለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ይከፈታሉ። ቡሬ ያገኘሁት መምህር ለተማሪዎቹ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ አሳይቶ ሦስት ነገር እንዲመለከቱ ያደርጋል፦ ቻናሉ የተከፈተበትን ቀን፣ አስተያየት መጻፍ የተፈቀደ መሆኑን፣ ባለፈው ዓመት ለጥፎት የነበረው «ፈተና» ከእውነተኛው ጋር መመሳሰል አለመመሳሰሉን። ተማሪዎቹ ራሳቸው አነጻጽረው ይደርሱበታል።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ። ማውስ ጨብጦ ለማያውቅ ተማሪ ይህ ከፈተናው በፊት ያለ ሌላ ፈተና ነው። በጎበኘሁት አንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ስለሆኑ ልጆቹ ተራ ገብተው ይለማመዳሉ፤ ተራ የሚጠብቁት የቁልፍ ሰሌዳውን ፊደላት በወረቀት ስለው ጣታቸውን ያለማምዳሉ። ግድግዳው ላይ የድሮው ፕላዝማ ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ ተሰቅሏል። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት ትምህርት ሲጀመር የዚያ ትውልድ ተማሪ በእንግሊዝኛ የሚሮጠውን ትምህርት ቁጭ ብሎ ይከታተል ነበር፤ ስርጭቱ ለጥያቄ አይቆምም፤ መምህሩም መሀል ገብቶ ማስረዳት አይችልም ነበር። ያ ዘመን አንድ ነገር አስተምሮናል፦ መሣሪያ መምህሩን ወደ ዳር ሲገፋ ትምህርቱም አብሮ ይገፋል።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የሚካሄደው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ፕሮግራሚንግን፣ ዳታ ሳይንስን፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራንና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ እውቀትን በነፃ ይሰጣል። ወጣቱ ይህን በር ማግኘቱ መልካም ነው። ክህሎት ያለ ማመዛዘን ግን ምን እንደሚያመጣ በየካቲት 2017 ዓ.ም. አይተናል። በማይናማር ከነበሩ የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ወጥተው ለታይላንድ ከተላለፉ 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚህ ካምፖች ሰው የሚወሰደው ጥሩ ደሞዝ ያለው የኮምፒውተር ሥራ አለ በሚል ተስፋ ነው፤ የሚፈለጉትም ኮምፒውተር የሚነኩና እንግሊዝኛ የሚሞክሩ ወጣቶች ናቸው። ክህሎታቸው መጠመጃቸው ሆነ። ስለዚህ የኮምፒውተር አጠቃቀምን የሚያስተምር ሁሉ መጠየቅንም አብሮ የማስተማር ግዴታ አለበት።

ግሽ ዓባይ

ቲሊሊ ላይ ዋናውን አስፋልት ትቶ ወደ ሰከላ ሲታጠፍ አየሩ ይለወጣል። ብርዱ ይጠነክራል፤ በቆሎው በድንችና በገብስ ይተካል። የግልገል ዓባይ ምንጭ ግሽ ዓባይ የሚገኘው እዚህ ነው። ጠበል የሚፈልጉ ምእመናን ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ፤ አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጥተው በኋላ ሳይርሱ እንደተረከቡ ይተረካል።

እዚህ ያሉ የታሪክ መምህር የሚዲያ ትምህርት የሚያስተምሩት በዚሁ ምንጭ ነው። ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ምንጩን ያየው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1618 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የደረሰው በኖቬምበር 1770፣ ማለትም ከ152 ዓመት በኋላ። ብሩስ ግን እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ከአውሮፓ ቀድሞ የደረሰ እሱ እንደሆነ ጻፈ፤ የፓኤዝንም ምስክርነት አጣጣለ። የሰከላ ሰው ከሁለቱም በፊት ምንጩ ዳር እየኖረ ነበር። እስከዚህ ድረስ ተማሪዎቹ በብሩስ ይቆጣሉ። መምህሩ ያኔ ሌላ ወረቀት ያወጣሉ። ይኸው ብሩስ አበሾች ጥሬ ሥጋ ይበላሉ ብሎ ሲናገር ለንደን ሳቀበት፤ ውሸታም ተባለ። ጥሬ ሥጋ እንደሚበላ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል።

«ታዲያ ብሩስን እንመነው ወይስ አንመነው?» ይላሉ መምህሩ።

አንድ ልጅ ከመካከል «በየቱ ነገር?» ሲል መለሰ።

ከጉዞው ሁሉ የላቀው መልስ ለእኔ ይህ ነው። ብዙ ወሬ ያቆሰለው ወጣት ወደ ሌላው ጫፍ ሲሄድ አይቻለሁ። «ሁሉም ውሸት ነው» ይላል፤ የክትባት ቀንም፣ የማዳበሪያ ዋጋም፣ የፈተና ፕሮግራምም ቢነገረው አይሰማም። ይህ ብልህነት ይመስለዋል። ግን ሁሉን የሚክድና ሁሉን የሚያምን ሰው አንድ ናቸው፤ ሁለቱም አልመዘኑም። የለንደን ሰዎች ብሩስን ሲክዱ ያጣሩ መስሏቸው ነበር።

ከምንጩ አጠገብ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ ስለምን እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ይህ እኮ አዲስ አይደለም» አሉኝ። «በእኛ ጊዜ ሸንጎ ላይ የሰማ አይመሰክርም፤ ያየ ነው የሚመሰክር። ወሬ ቢነግሩህም መላ ጨምርበት ነው የተባለ፤ ጣለው አልተባለም።» ከፍኖተ ሰላም ክበብ ደንብና ከሰከላው ተማሪ መልስ ጋር የሽማግሌው ቃል አንድ ሆኖ አገኘሁት።

ለአንባቢ

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጨውን ከመቅጣት ሌላ የሕዝብን የሚዲያ ግንዛቤ ማሳደግንም ሥራ አድርጎ አስቀምጧል። ቅጣቱ በየዜናው ይነገራል፤ ግንዛቤው ግን ከላይ ባነሳኋቸው መምህራን በጎ ፈቃድ ላይ ቆሟል። ለእነሱ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሚኒ ሚዲያ ከግጥምና ከልደት ምኞት አልፎ የማጣራት ትምህርት የሚሰጥበት ቋሚ ሰዓት ይኑረው። የአማርኛ፣ የታሪክና የአይሲቲ መምህራን አብረው ያስተምሩ። መረጃ አጣሪዎች የሚያወጡት ማስተካከያ በሚሞሪ እየተጫነ ለየትምህርት ቤቱ ይላክ፤ የተሳሳተው ቪዲዮ በሄደበት መንገድ ማስተካከያውም ይሂድ።

አንድ ነገር ግን ለመምህራኑ ልንተወው አንችልም። ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ሰከላ የሚደርሰው ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከእኛ ነው፤ ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድ ለወንድም፣ ለእህት፣ ለአክስት ልጅ ከምንልከው። ስንልክ ከሥሩ ቀኑን፣ ቦታውንና ከየት እንዳገኘነው እንጻፍ። ይህን መጻፍ ካልቻልን አንላከው። ያቺ ልጅ የኑጉን አበባ አይታ ከምታጣራው በፊት እኛ ልናጣራው ይገባናል።