ሶሻል ተምራ ዜማዋ ሕዋ የደረሰላት ሴት

ዛሬ ስለ አንዲት ሙዚቀኛ ላጫውታችሁ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ሎሪ ስፒገል ትባላለች፣ አሜሪካዊት ናት። የመጀመሪያ ዲግሪዋ በሶሻል ሳይንስ ነው። ክላሲካል ጊታርና የዑድ ዘመድ የሆነውን ሉት ትጫወታለች። ኋላም ኒው ዮርክ ጁሊያርድ ገብታ የሙዚቃ ድርሰት ተማረች። በ1970ዎቹ ደግሞ ቤል ላብስ ከሚባለው የምርምር ተቋም ሄዳ፣ ክፍል በሚሞላ ኮምፒውተር ዜማ መሥራት ጀመረች።

በ1977 ናሳ ቮየጀር 1ን እና ቮየጀር 2ን ሲያመጥቅ፣ በሁለቱም ላይ በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ሸክላ አብሮ ጫነ። ሸክላው ላይ «የምድር ድምፆች» የሚለውን ክፍል የሚከፍተው የሎሪ ሥራ ነው።

ሐሳቡን ያገኘችው ከማን መሰላችሁ? ከኬፕለር! አዎ፣ ለፈተና ሕጎቹን ስትሸመድዱለት ከነበረው ሰውዬ። ሦስተኛውን ሕግ ያወጣበት የ1619 መጽሐፉ እኮ ስለ ፕላኔቶች ዜማም ያወራል። ነገሩ ቀላል ነው፦ ፕላኔቷ ስትፈጥን ድምፁ ይቀጥናል፣ ስትዘገይ ይወፍራል። የሜርኩሪ ምህዋር ሞላላ ስለሆነ ድምፁ ሽቅብ ቁልቁል ይላል። የቬነስ ግን ክብ ለመሆን ትንሽ ስለቀረው ከአንድ ድምፅ እምብዛም አይርቅም። ጁፒተርና ሳተርን ከታች ያጎራሉ። ኬፕለር ይሄ በአእምሮ እንጂ በጆሮ የሚሰማ አይደለም ይል ነበር። ሎሪ ከ358 ዓመት በኋላ ለጆሮ አበቃችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እስክስታ አያስመታም። ክፍል ውስጥ ከስልኬ ሳሰማቸው ግማሹ «ቲቸር፣ አምቡላንስ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። አንዱ ልጅ ግን ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆየና «ሽቅብ የሚለው ፀሐይን ሲጠጋ ነው አይደል?» አለኝ። ሁለት ክፍለ ጊዜ በጠመኔ የደከምኩበትን በጆሮው አገኘው። ልጁ ክራር ተጫዋች ነው።

ቤቱ ግን «ክራሩን ሽጠውና ትምህርትህን ያዝ» እየተባለ ነው። ወላጆቹን አልወቅስም። ኑሮው ይታወቃል፣ ልጅ በጊዜ ራሱን እንዲችል የማይፈልግ የለም። ግን እንደ አስተማሪ የማየውን ልናገር፦ ይሄ ልጅ ክር ሲወጥር ድምፁ ለምን እንደሚቀጥን ከእኔ በፊት ጣቱ ነግሮታል። ክራሩ ትምህርቱን አልነጠቀውም፣ እንዲያውም እያስጠናው ነው።

ናቹራል፣ ሶሻል ብለን የከፈልነው ክፍል እንዲበቃን ነው እንጂ የልጆቹ ጭንቅላት እንዲህ ለሁለት አልተከፈለም። ቮየጀር 1 በ2012 ከፀሐይ ነፋስ ክልል ወጥቶ ከዋክብት መሀል ገብቷል። የሶሻል ተማሪዋን ዜማም ይዞ ነው የሄደው።

እናንተ የድሮ ልጆቼ፣ «ተወው» ተብላችሁ ያልተዋችሁት ነገር ካለ እስቲ እዚህ ጻፉልኝ። ለእናትና አባቱ ላነብላቸው ነው።